ነቀዙ ክንፍ አላወጣም፦ በበቆሎ ውስጥ የሚገኙትን ጥቃቅን ተርቦች ለይቶ የማወቂያና የማራቢያ መመሪያ

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም፦ «ጎተራውን ስከፍት ትንንሽ ጥቁር ነገሮች ብን ብለው ወጡብኝ፤ ነቀዙ ክንፍ አወጣ ወይስ ሌላ መዓት መጣብን?» ቡሬ ገበያ ላይ ገበሬው ይጠይቀኛል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የግብርና ባለሙያው ይደውልልኛል፣ ተማሪዎች ደግሞ በላስቲክ ቋጥረው ክፍል ድረስ ያመጡልኛል። ለእያንዳንዱ በቃል ከመመለስ አንድ ጊዜ በደንብ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ነቀዙ አዲስ ክንፍ አላወጣም፤ የበቆሎ ነቀዝ ድሮም ክንፍ አለው፣ በሚገባም ይበራል። ብን ብለው የወጡት ግን ነቀዝ አይደሉም፤ ተርቦች ናቸው። እህል አይበሉም፣ ሰው አይነድፉም። የሚፈልጉት በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን የነቀዝ እጭ ነው። እኔን አይመኑኝ፤ ከዚህ በታች ያለውን ተከትለው በጠርሙስ ውስጥ ያራቧቸውና በዓይንዎ ይዩ።

መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ

የበቆሎ ነቀዝ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲቶፊለስ ዜያሜይስ፣ የጢንዚዛ ወገን ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የወጣ አፍ አለው። እንስቷ በዚያ ኩምቢ ፍሬውን ትፈለፍልና አንድ እንቁላል ጥላ ቀዳዳውን ሙጫ በሚመስል ነገር ትደፍነዋለች። የሚፈለፈለው እጭ እግር የለውም፤ ነጭ፣ ወፍራምና ጎባጣ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ፍሬ ውስጥ እየበላ ያሳልፋል፣ እዚያው ፑፓ (እጭ ወደ ሙሉ አካል የሚለወጥበት፣ የማይበላበት ደረጃ) ይሆናል፣ ጢንዚዛ ከሆነ በኋላ ግድግዳውን ቦርቡሮ ይወጣል። ከላይ ደህና የሚመስል በቆሎ ስንፈጨው እፍኝ የማይሞላ ዱቄት የሚወጣው ለዚህ ነው። (ጤፍ ይህ ጣጣ የለበትም፤ አንዷ ፍሬ ለአንድ እጭ ማደሪያ አትበቃም።)

ተርቧ ከነቀዙ ታንሳለች፤ 2 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በጎተራ በቆሎ ውስጥ በብዛት የምትታወቀው አኒሶፕተሮማለስ ካላንድሬ የምትባለው ናት። ጥቁር ናት፤ ብርሃን ሲያርፍባት ታብረቀርቃለች፣ ወገቧ ቀጭን ነው፣ መዳሰሻዎቿ እንደ ክርን የታጠፉ ናቸው። ከእርሷም የምታንስና ቡናማ የሆነች ቲዮኮላክስ ኤሌጋንስ የምትባል ዘመድ አለቻት፤ ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው። እንስቷ በፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ ከውጭ ሆና ታገኘዋለች፤ የእንቁላል መጣያ መርፌዋን በፍሬው ግድግዳ አሳልፋ ትወጋዋለች፣ በመርዟ ሽባ ታደርገዋለች፣ ከዚያ በገላው ላይ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው የተርብ እጭ የነቀዙን እጭ ከውጭ ሆኖ እየመጠጠ ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ተርብ ታየበት ከተባለው ጎተራ 1 ኪሎ ያህል በቆሎ
- 2 ኪሎ ንጹሕና ያልተሰባበረ፣ መድኃኒት ያልነካው በቆሎ። በቀይ ወይም በሮዝ ቀለም የታሸ የዘር በቆሎ ፈጽሞ አይሆንም፤ ቀለሙ መድኃኒት መቀባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው።
- አፋቸው ሰፊ የሆነ 5 የማርማላታ ጠርሙሶች
- አቡጀዴ ጨርቅና የጎማ ላስቲክ
- ሰፌድ፣ ወንፊትና ነጭ ወረቀት
- 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፤ ከጠፋ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ
- ጥቂት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወይም የዶሮ ላባ
- ማር፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይበቃል። ጎጃም ላይ ይህ የሚቸግር አይመስለኝም።
- ምላጭ፣ ደረቅ ጨው፣ ቴርሞሜትር፣ ደብተር

አሠራር

1. ስለ መድኃኒት ይጠይቁ። ጎተራው ሳይነካ በፊት ባለቤቱን «ዱቄት መድኃኒት ነስንሰውበት ነበር? እንክብል አስገብተው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው እንክብል የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ እንዲህ ያለ ጎተራ ናሙና አይወሰድበትም። ሁለተኛ፣ ተርቦቹ ለፀረ ተባይ ከነቀዙ ይልቅ ስስ ናቸው፤ ዱቄት በተነሰነሰበት በቆሎ ውስጥ ነቀዝ በሕይወት ቢገኝም ተርብ ይጠፋል።

2. ናሙናውን በማለዳ ይውሰዱ። ፀሐይ ሳይሞቅ ነፍሳት ደንዝዘው ይቆያሉ፤ ረፋድ ላይ ጎተራ ከከፈቱ ግማሾቹ ተርቦች ወደ ብርሃኑ በረው ይጠፋሉ። ከላይ፣ ከመሐልና ከግድግዳው ጥግ እየዘገኑ 1 ኪሎ ያህል በአቡጀዴ ከረጢት ያስገቡና አፉን ወዲያው ይቋጥሩ። በላስቲክ ከረጢት ከቋጠሩት ውስጡ ያልባል፤ ተርቦቹ በጠብታው ላይ ተጣብቀው ይሞታሉ።

3. ያንገዋልሉ እንጂ አያብጥሩ። በቆሎውን ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ወረቀት ላይ በተቀመጠ ሰፌድ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያንገዋልሉ። ማበጠር የለመደ እጅ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ አንዴ ወደ ላይ ከተወረወረ ተርቡ ከገለባው ጋር ይሄዳል። የወጡትን ነቀዞች ወደ አንድ ጠርሙስ፣ ተርቦቹን በብሩሽ ጫፍ ወይም በላባ እየነኩ ወደ ብልቃጥ ያስገቡ። ብሩሹን በምራቅዎ አያርጥቡት፤ ክንፋቸው ይጣበቃል።

4. ቀዳዳውን ያንብቡ። የተበሱትን ፍሬዎች ለብቻ ይለዩና በመነጽር ይመልከቱ። ነቀዝ የወጣበት ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ ጠርዙም የተቦጫጨቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ዱቄት አለ። ተርብ የወጣበት ቀዳዳ ግን ጠባብ፣ ክብና ንጹሕ ነው፤ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ክብ የሆነ ትልቅ ቀዳዳ በስስ ክዳን እንደ መስኮት ተሸፍኖ ካገኙ ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ የእህል ብል ነው። ይህ እርምጃ የሚጠቅመው ተርቦቹ በዓይን ባይታዩ እንኳ ቀደም ሲል እንደነበሩ ስለሚነግርዎት ነው።

5. የተንገዋለለውን በቆሎ በጠርሙስ አስቀምጠው ይጠብቁ። ጠርሙሱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሙሉ፤ አፉን በአቡጀዴ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት፤ ቀኑን ይጻፉበት። ሕይወት ያለው ነቀዝም ሆነ ተርብ አንድም መቅረት የለበትም። ከአሁን በኋላ የሚታየው ሁሉ ከፍሬው ውስጥ የወጣ መሆኑን እርግጠኛ የሚሆኑት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በየቀኑ የወጣውን እየቆጠሩ ያስወግዱ፤ የነቀዙን በአንድ ረድፍ፣ የተርቡን በሌላ ረድፍ ይመዝግቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላሉ። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ተርቦቹ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወጥተው ያልቃሉ፤ ነቀዞቹ ግን እስከ አምስትና ስድስት ሳምንት ይቀጥላሉ። ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ተርብ ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል የሚፈጅባት ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆን ነቀዝ አምስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የተርቡን ቁጥር ለሁለቱ ድምር ያካፍሉና በ100 ያባዙት። ለምሳሌ 14 ተርብና 46 ነቀዝ ከወጡ 14 ለ60 ሲካፈል 23 በመቶ ያህል ይሆናል። ትክክለኛው የሞት መጠን ግን ከዚህ ይበልጣል፤ እንስቷ አንዳንዱን እጭ እንቁላል ሳትጥልበት ወግታ ደሙን ብቻ ትጠጣዋለች። ያ እጭ ይሞታል፤ ነገር ግን ነቀዝም ተርብም አይወጣበትም፣ ከቆጠራዎ ውስጥ አይገባም።

መለየት ብቻ የፈለገ ሰው እዚህ ማቆም ይችላል። ማራባት የሚፈልግ ይቀጥል።

6. ንጹሑን በቆሎ ያዘጋጁ። «ንጹሕ» የሚባለው በቆሎ ውስጡ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ ነቀዝ ገና ማሳ ላይ ሳለ በቆሎን ይደርስበታልና። ማቀዝቀዣ ካለዎት በበረዶ ክፍሉ አንድ ሳምንት ያቆዩት፤ ካወጡት በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳይከፍቱ ይተውት፤ አለዚያ ጤዛ ይይዛል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ጥቁር ላስቲክ አንጥፈው በቆሎውን በስሱ ያስጡ፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ይሸፍኑትና ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑ። በጠራራ ቀን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ካቆዩት ከላስቲኩ በታች ያለው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ የተደበቀ ሁሉ ይሞታል።

ከዚያ እርጥበቱን በጨው ይፈትኑ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው አድርገው አንድ ደቂቃ ይናጡ፤ ሩብ ሰዓት ያሳርፉት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። እርጥብ በቆሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው ከነቀዙ በፊት ጠርሙሱን ይወርሰዋል።

7. ነቀዝ ያራቡ። 500 ግራም በቆሎ በሁለት ጠርሙስ እኩል ይክፈሉ፤ በእያንዳንዱ 100 ያህል ነቀዝ ያስገቡ። በ7ኛው ቀን ነቀዞቹን አንገዋልለው ሙሉ በሙሉ ያውጡ። እንቁላሎቹ ሁሉ የተጣሉት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሆነ እጮቹም በአንድነት ያድጋሉ ማለት ነው። ነቀዞቹን እዚያው ከተዋቸው ትንሹም ትልቁም እጭ ተደባልቆ መቼ ተርብ ማስገባት እንዳለብዎት አያውቁም።

አሁን መጠበቅ ነው። 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ደጋ ከሆኑ ግን የቀን መቁጠሪያ አይመኑ፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነቀዝ ከሁለት ወር በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ተርቧም ከሦስት ሳምንት በላይ ትፈልጋለች። ጠርሙሶቹን በካርቶን ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ጠዋትና ማታ አጠገባቸው እየቀየሩ ማድረግ ይረዳል። ከምድጃ በላይ አይስቀሉ። የዘር በቆሎ ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው ጢሱ ነፍሳትን ስለሚያባርር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ነፍሳቱን ነው የሚፈልጉት።

መድረሱን የሚያረጋግጡት ፍሬ በመሰንጠቅ ነው። አሥር ፍሬ ወስደው በውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩና በምላጭ በርዝመቱ ይሰንጥቁ። እጩ ወፍሮ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ይህን እርምጃ አይዝለሉ። ለምን እንደሆነ በቀጣዩ ይገባዎታል።

8. ተርቦቹን ያጋቡ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። በጥንቃቄ ያራባኋቸው ተርቦች በሁለተኛው ትውልድ ወንድ ብቻ ሆነው ወጡ፤ በሦስተኛው ዘራቸው ጠፋ። ነገሩ እንዲህ ነው። በተርብ ወገን ከተዳቀለ እንቁላል ሴት ትወጣለች፤ ካልተዳቀለ እንቁላል ደግሞ ወንድ ይወጣል። ወንድ ያላገኘች እንስት መሐን አትሆንም፤ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጆቿም ያድጋሉ፣ ሁሉም ግን ወንዶች ናቸው። በዚያ ላይ የተጋባችውም ብትሆን ትመርጣለች፦ ትልቅ እጭ ስታገኝ ሴት ልጇን፣ ትንሽ እጭ ስታገኝ ወንድ ልጇን ታስቀምጥበታለች። ሴት ልጅ ብዙ እንቁላል እንድትይዝ ገላዋ መፋፋት አለበት፤ ወንዱ ግን ትንሽም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ገና ያልደረሰ እጭ ባለበት በቆሎ ላይ ከለቀቋቸው የወንድ መንጋ ያጭዳሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። 10 እንስትና 5 ወንድ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ቀን ያቆዩ። እንስቷ የሆዷ ጫፍ ሹል ነው፤ ወንዱ ያንሳል፣ ሆዱ ጫፉ ላይ ደልደል ያለ ነው፣ ከወገቡ ቀጥሎም በአብዛኛው ቢጫማ ምልክት አለው። ወንዶቹ ከእንስቶቹ ቀድመው ስለሚወጡ በመጀመሪያው ቀን የወጡትን ብቻ ለቅመው «በቃኝ» አይበሉ።

ለምግብ ትንሽ ማር በወረቀት ቁራጭ ላይ በጣትዎ ጠርገው፣ ወረቀቱ ወዝ ብቻ እስኪመስል አሳስተው ያስገቡ። ያልተመገበች ተርብ ጥቂት ቀን ብቻ ትኖራለች፤ የተመገበች ደግሞ ሳምንታት ትቆያለች። ማሩ ጠብታ ከሆነ ግን ሁሉም ይገቡበትና ይቀራሉ።

ስለ ጊዜው አንድ ማሳሰቢያ፦ በ5ኛው እርምጃ የወጡት ተርቦች የነቀዙ ጠርሙስ እስኪደርስ አይጠብቁዎትም። እኔ ይህን ሳላስብ ቀርቼ እጩ ሲደርስ በእጄ አንድም ሕያው ተርብ አልነበረም። የነቀዙን ጠርሙስ ቀድመው ያዘጋጁ፤ እጩ ሊደርስ ሲል ወደ ጎተራው ተመልሰው ሁለተኛ ናሙና ይውሰዱ።

9. ተርቦቹን ያስገቡ። ከሁለቱ የነቀዝ ጠርሙሶች በአንዱ ብቻ ይልቀቋቸው። ሁለተኛውን ሳይነኩ በሌላ ክፍል ያስቀምጡት፤ ማነጻጸሪያ ነው። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ካደረጓቸው ያመለጠች አንዲት ተርብ ማነጻጸሪያዎን ታበላሻለች። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ የወጡትን ነቀዞች ሲቆጥሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የተርቦቹን ሥራ ያሳይዎታል፤ ያለ ማነጻጸሪያ «ነቀዙ ቀነሰ» ማለት ወሬ ነው።

10. ቁጭ ብለው ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ፍሬዎችን በነጭ ሳህን ላይ አድርገው አንዲት እንስት በብርጭቆ ደፍተው ያስቀምጡባቸው። መጀመሪያ ዝም ብላ ትዞራለች። የእጩ ኩስ ሽታ ያለበትን ፍሬ ስታገኝ ግን አረማመዷ ይለወጣል፤ ቀስ ትላለች፣ በመዳሰሻዎቿ ጫፍ ፍሬውን እንደ ከበሮ ትመታዋለች። ከዚያ ዞር ብላ በሆዷ ጫፍ እየነካካች ቦታ ትፈልጋለች። በመጨረሻ እግሮቿን ዘርግታ ትቆምና መርፌዋን ቀጥ አድርጋ ታወርዳለች። የበቆሎ ልጣጭ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በዚያ ጊዜ ብርጭቆውን ቢያነሱት እንኳ አትሸሽም። ተማሪዎቼ ዝም የሚሉበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው።

ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ጥቂት ፍሬዎች ዘፍዝፈው ያሳድሩና ይሰንጥቁ። ያልተወጋ እጭ ነጭና ውጥር ያለ ነው። የተወጋው ፈዝዞ፣ ላልቶ፣ ወደ ቢጫነት አዘንብሎ ያገኙታል፤ በገላው ላይ ደግሞ ዕንቁ የመሰለ፣ ከሩዝ ፍሬ በብዙ የሚያንስ ትንሽ ትል ተጋድሞበታል። እርሱ የተርቡ እጭ ነው። ሳምንት ቆይተው ሌላ ፍሬ ከሰነጠቁ ከነቀዙ እጭ የተረፈው የተጨማደደ ቆዳና ቡናማው የራስ ቅል ብቻ ይሆናል፤ አጠገቡ ራቁቱን የተኛ፣ ድር ያልፈተለ የተርብ ፑፓና ጥቂት ጥቁር የኩስ እንክብሎች ይገኛሉ። ፑፓው መጀመሪያ ነጭ ነው፤ መውጫው ሲቃረብ ይጠቁራል።

11. አዲሱን ትውልድ በብርሃን ይሰብስቡ። ጠርሙሱን በጨለማ ካርቶን ውስጥ ያድርጉ፤ በካርቶኑ ጎን ብልቃጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ይብሱና የብልቃጡን ታች ወደ መስኮት ያዙሩ። የጠርሙሱን ጨርቅ ሲያነሱ ተርቦቹ ወደ ብርሃኑ እየሄዱ ብልቃጡን ይሞላሉ፤ ነቀዞቹ በአብዛኛው በቆሎው ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። በእጅ እየለቀሙ ከመጨፍለቅ ይህ ይሻላል።

ሽምብራ ከሆነ

ከደጀንና ከቢቸና በኩል ያሉ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ሽምብራ ነው። የሽምብራ ነቀዝ ኩምቢ የለውም፤ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ከውጭ ይለጥፋል፣ እንደ ነጭ ነጠብጣብ በዓይን ይታያል። ተርቧም ሌላ ናት፤ ከሚታወቁት አንዷ ዲናርመስ ባሳሊስ ትባላለች። አሠራሩ ያው ሆኖ ሦስት ነገር ይለወጣል። ነቀዞቹን በ7 ቀን ሳይሆን በ2 ቀን ውስጥ ያውጧቸው፤ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ እንቁላላቸውን ቶሎ ይጥላሉ። ብዙ እንቁላል የተለጠፈበትን ፍሬ ይተዉና አንድ ወይም ሁለት ያለበትን ይምረጡ፤ የተጨናነቁ እጮች ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ፣ ትንሽ እጭ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይተዋል። በቤት ሙቀት የሽምብራው እጭ ከበቆሎው ቀድሞ ስለሚደርስ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየሰነጠቁ ይዩ።

ማስጠንቀቂያ

- ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ተርብ ብቻ አይደለም፤ ሕያው ነቀዝም አለ። የቤትዎ ጎተራ ባለበት ክፍል አያስቀምጡት።
- ሲጨርሱ በቆሎውን የፈላ ውኃ አፍስሰውበት ወይም በበረዶ ክፍል አንድ ሳምንት አቆይተው ያስወግዱ። ያልሻገተ ከሆነ ለዶሮ ይሆናል። የሻገተ ግን ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ይቀበር።
- ሲያንገዋልሉ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ። የነቀዝ ኩስና የእህል ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል።
- ምላጩን መምህሩ ወይም አዋቂ ሰው ይያዝ። የተዘፈዘፈ በቆሎ ያዳልጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

የመጀመሪያው ክዳን ነው። አጎበር ለዚህ አይሆንም፤ የወባ ትንኝን የሚያስቀር ቀዳዳ ይህችን ተርብ እንደ በር ያሳልፋታል። እኔ ራሴ አንድ ጠርሙስ ሙሉ እንዲሁ ባዶ አድርጌያለሁ። ነጠላም እንደዚሁ ሳሳ ያለ ነው። አቡጀዴ ያድርጉ።

የጠርሙሱን ክዳን በምስማር በስቶ መክደን ሌላው ስሕተት ነው። ቀዳዳው ለአየር አይበቃም፣ ለተርብ ግን ይበቃል።

ጠርሙሱን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ማስቀመጥ። «ሙቀት ይወዳሉ» ተብሎ ሙቀቱ ከበዛ ተርቦቹም ነቀዞቹም ይጎዳሉ። ቴርሞሜትሩን ከጠርሙሱ ጋር ያኑሩት።

ሙሉ አካል ላይ የደረሰ ነቀዝ ብቻ ባለበት ጠርሙስ ተርብ መልቀቅ። ተርቧ ጢንዚዛውን አትነካውም፤ የምትፈልገው በፍሬ ውስጥ ያለውን እጭ ነው። «ተርብና ነቀዝ አብረው ተስማምተው ሲኖሩ አየሁ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አለኝ።

የመጨረሻው፣ ክንፍ ያለው ጥቃቅን ነገር ሁሉ ተርብ ነው ብሎ መቁጠር። ብል ክንፉ ዱቄት አለው፣ ሲነኩት ጣትዎ ላይ ይቀራል። ክንፋም ጉንዳን ከተርቧ ይልቅ በጣም ትልቅ ነው። ነቀዝ ደግሞ ሲበርም ኩምቢውን ይዞ ነው።

ጎተራውስ ምን ይሁን?

ተርቦቹን ካዩ በኋላ «እንግዲህ እነርሱ ይጠብቁልኛል» ብሎ መተው አያዋጣም። ተርቧ የምትገድለው ያደገውን እጭ ነው፤ ያ እጭ ከመሞቱ በፊት ፍሬውን በልቶ ጎድቶታል። የሚተርፈው የሚቀጥለው የነቀዝ ትውልድ እንጂ የተበላው ፍሬ አይደለም። ስለዚህ በቆሎውን ከኅዳርና ከታኅሣሥ አጨዳ በኋላ በደንብ ማድረቅ፣ አሮጌውን እህል ከአዲሱ አለመደባለቅ፣ ጎተራውን ጠርጎና መርጎ ማዘጋጀት እንዳለ ነው። ለምግብ የሚያስቀምጡትን ፒክስ በሚባለው አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ቢያደርጉት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። እዚያ ውስጥ ግን ተርቦቹም አብረው ስለሚያልቁ፣ ለጠርሙስዎ የሚሆነውን 1 ኪሎ አፉን ከመቋጠርዎ በፊት ያስቀሩ።